የቀለም ዱቄት አፈጫጨትና አበታተን በጽሕፈትና በሥዕል ታሪካችን፤ ከይፋት ቆላ የተነሣ አጭር ጥናት

1. መግቢያ

አጣዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን፥ በደጋው ገደል ግርጌ የምትገኝ የኤፍራታና ግድም ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. በከተማይቱ ላይ በደረሰው ጥፋት ብዙ ቤትና ሱቅ መቃጠሉ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ እንደ ዐቅሙ ግድግዳውን አቁሞ፥ ቆርቆሮውን መትቶ፥ በመጨረሻ ቀለም ለመቀባት ሲደርስ፥ እኛም በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ከቤተ ሰቦቻችን ጋር ብሩሽ ይዘን ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የተነሣው ከዚያ ሥራ ነው።

ሁለት ክፍል ቤት ከአንድ ጣሳ ቀለም ቀባን። ጣሳውን ከፍተን ሳናማስል ከላይ ከላይ እየቀዳን የመጀመሪያውን ክፍል ጨረስን። ቀለሙ ሲደርቅ ያብረቀርቅ ነበር፤ ነገር ግን ግድግዳውን አልሸፈነውም፤ ሁለት ጊዜ ብንደግመውም ከሥር ያለው የጭቃው መልክ ይታይ ነበር። ሁለተኛውን ክፍል የቀባነው ከጣሳው ሥር እንደ ሊጥ ረግቶ በቆየው ነው። እርሱ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሸፈነ፤ ሆኖም ሻካራ ነበረ፤ ጥቂት ወራት እንደ ቆየም የተደገፈውን ሰው ልብስ ሁሉ ያነጣ ጀመር። ገንዘቡ አንድ፥ ጣሳው አንድ፥ ቀቢዎቹም እኛው ስንሆን ግድግዳው ሁለት ዓይነት ሆነ። ቤት ለመቀባት የሚሆን ገንዘብ ከአንድ ጊዜ በላይ ለማያገኝ ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ቀለሙን የሸጠልንን ወይም የሠራውን ለመውቀስ አልተነሣንም፤ ጥፋቱ የራሳችን እንደ ነበረ ኋላ ተረድተነዋል። ነገር ግን ነገሩን ስናሰላስል አንድ ሌላ ጥያቄ ተከተለ። ከአጣዬ በላይ ባለው ደጋ አያት ለልጅ ልጅ ያወረሰው የብራና ዳዊት ይገኛል። ያ ዳዊት ፋብሪካ በሌለበት ዘመን፥ በገጠር እጅ በተሠራ ቀለም የተጻፈ ሲሆን ፊደሉ እስከ ዛሬ ጠቁሮ ይነበባል። የኛ ግድግዳ አንድ ክረምት ሳይሞላው ሲፈርስ ያ ቀለም ብዙ ዘመን የቆየው ስለ ምንድር ነው?

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ የቀለም ጥሩነት የሚወሰነው በዱቄቱ ዘር ብቻ አይደለም፤ ዱቄቱ በፈሳሹ ውስጥ እንዴት እንደ ተበተነና ተበትኖም እንዴት እንደሚቆይ ይወስነዋል፤ የአገራችን ጸሐፍትና ሠዓልያንም ይህን በሥራቸው ያውቁት ነበር። ሁለተኛ፥ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሙጫ፥ ጥጥና የንግድ መንገድ ከቆላው ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ የደጋው መጽሐፍ ታሪክ የቆላው ሕዝብ ታሪክም ነው።

2. ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ቀለም ሲባል በቀላል አነጋገር ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መልክ የሚሰጠው ዱቄት ነው። ሁለተኛው ዱቄቱን አቅፎ ከብራናው፥ ከጨርቁ ወይም ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው ፈሳሽ ነው። ይህም ፈሳሽ የሙጫ ውሃ፥ ከቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ማጣበቂያ፥ ዕንቁላል ወይም ዘይት ሊሆን ይችላል። ስኳር በሻይ ውስጥ ይሟሟል፤ የቀለም ዱቄት ግን አይሟሟም፤ እጅግ ደቃቅ ሆኖ በፈሳሹ ውስጥ ይበተናል እንጂ። ስለዚህ የቀለም ሠሪ ትልቁ ሥራ ይህን መበተን በሚገባ መፈጸም ነው።

በሶ የበጠበጠ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ዱቄቱን ባንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ላይ ቢያፈስሱት ላዩ ረጥቦ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ይፈጠራል። ሽሮም በፈላ ውሃ ላይ በድንገት ቢነሰነስ ይጓጉላል። ስለዚህ ባለሙያ ሴት አስቀድማ ዱቄቱን በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ታሸዋለች፤ ከዚያ በኋላ እያማሰለች ታቀጥነዋለች። የቀለም ሥራም በዚሁ ሥርዓት ሦስት ደረጃ አለው።

የመጀመሪያው መራስ ነው። በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል ያለው አየር ወጥቶ ፈሳሹ በስፍራው መግባት አለበት። ሁለተኛው መለያየት ነው። ተጣብቀው ጓል የሆኑት ቅንጣቶች በድንጋይ ወይም በወፍጮ ተፈጭተው እያንዳንዳቸው መለየት አለባቸው። ሦስተኛው ተለያይቶ መኖር ነው። ደቃቅ ቅንጣቶች በተፈጥሯቸው እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ፥ የሚያግዳቸው ነገር ካልተገኘ ተመልሰው ይሰባሰባሉ። ይህን የሚያግድ እያንዳንዱን ቅንጣት እንደ ልብስ የሚሸፍን ሙጫ ወይም ሌላ ነገር ነው። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ጉድለቱ ቀለሙ በተሠራበት ቀን አይታይም፤ ቆይቶ ይገለጣል።

ከመበተን ጉድለት የሚመጣው ጉዳት ብዙ ነው። ለምሳሌ ዛሬ ለነጭ ቀለም የሚያገለግለው የቲታንየም ዱቄት የቅንጣቱ ስፋት ከሚሊሜትር አራት ሺሕኛ ግድም ሲሆን ብርሃንን አብዝቶ ይበትናል፤ ግድግዳም በሚገባ ይሸፍናል። የሰው ጠጉር ከዚህ ሁለት መቶ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይወፍራል። ብዙ ቅንጣቶች ተጣብቀው እንደ አንድ ቅንጣት ከሆኑ ግን ዱቄቱ ሳይጐድል የመሸፈን ኀይሉ ይጐድላል። ከዚህም በላይ ጓል ያለበት ቀለም ሲደርቅ ገጹ ይሻክራል፤ መልኩ ይደበዝዛል፤ በዕቃውም ውስጥ ቶሎ ይዘቅጣል።

ስለ መዝቀጥ በአየርላንድ የተወለደው ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ያስረዳው ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት የቅንጣቱ ስፋት እጥፍ ሲሆን የሚዘቅጥበት ፍጥነት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ቅንጣቱም ከፈሳሹ ይልቅ በከበደ መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል። የጣሳችን ምስጢር ይህ ነው። ዱቄቱ ወደ ታች ወርዶ ስለ ነበረ ከላይ የቀዳነው አጣባቂው ፈሳሽ የበዛበት ነው፤ ስለዚህ አብረቀረቀ፥ አልሸፈነም። ከታች የቀረው ደግሞ ዱቄት በዝቶበት አጣባቂ አነሰው፤ ስለዚህ ሸፈነ፥ ነገር ግን አልያዘም። አንዱ ያለውን ለሌላው ቢያካፍል ሁለቱም ክፍል ያምር ነበር።

ይሁን እንጂ «አብዝቶ መፍጨት ሁልጊዜ ይጠቅማል» ማለት አይደለም። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሠዓልያን ኮባልት ከገባበት መስተዋት እየፈጩ ሰማያዊ ቀለም ይሠሩ ነበር። ይህ ቀለም እጅግ ሲልም መልኩ ይነጣል፤ ትንሽ ሻከር ሲል ነው ሰማያዊነቱ የሚጐላው። እንግዲህ ልኩን የሚያውቀው ባለሙያው ነው።

3. ጥቁሩ ቀለም

በአማርኛ «ቀለም» ማለት መልክም፥ መጻፊያም፥ ትምህርትም ነው። ብዙ የተማረውን ሰው «የቀለም ቀንድ» የምንለው ጸሐፊው ቀለሙን ይዞበት ከሚጽፈው ቀንድ ተነሥተን ነው። አንድ ሕዝብ ዕውቀትን በመጻፊያው ስም ከጠራ መጻፊያውን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ታሪክ መመርመር ነው። ከኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎችና ሊቃውንት ይህን አልዘነጉትም። በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኤትኖሎጂ ማኅበር መጽሔት ላይ አሰፋ ሊባን እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ብራና መጽሐፍ አዘገጃጀት ጽፈዋል። ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ ሥራ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትመዋል። እኛ የምንጨምረው ቢኖር የነርሱን ሐተታ ከመበተን ሥርዓት ጋር ማገናኘት ነው።

የጥቁር ቀለም ዋናው ነገር ከምጣድና ከድስት ሥር የሚፋቀው ጥላሸት ነው። በዚህ ላይ እስኪከስል የተቆላ እህል ተፈጭቶ ይጨመራል፤ የግራር ሙጫና ውሃም ይገባበታል። እንደየአገሩ ቅጠልና ሌላም ነገር የሚጨምሩ አሉ። ከዚያ በኋላ በሸክላ ዕቃ ተደርጎ ለብዙ ወራት ይቀመጣል፤ እየተማሰለና እየታሸም ይበስላል።

ከአጣዬ በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ የሚኖሩ አንድ አዛውንት የብራና ጸሐፊ ይህን ሥራ ሲያስረዱን፥ «አባታችን፥ ይህን ያህል ወራት ማቆየት ለምን ያስፈልጋል? ጥላሸቱ በአንድ ቀን ከውሃው ጋር አይቀላቀልምን?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፥ «ልጆቼ፥ ጥላሸትና ውሃ ጠበኞች ናቸው። ቢደባለቁም አይታረቁም። ሽማግሌው ሙጫው ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ በአንድ ቀን አይጨርስም» አሉን። ቀጥለውም የቀለሙን መብሰል የሚፈትኑበትን አሳዩን። በብርዕ ጫፍ ጥቂት ነክረው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አንድ ቀጭን መስመር ጻፉ። መስመሩ ሳይቆራረጥና በጠርዙ ሳይሸሽ ከደረቀ ቀለሙ ደርሷል፤ ነጠብጣብ ካሳየ ወደ መታሸት ይመለሳል።

የአዛውንቱ ቃል ከኬሚስትሪ ትምህርት ጋር የሚስማማ ሆኖ አገኘነው። ጥላሸት ቅባትነት ያለው ከሰል ስለ ሆነ ውሃ በቀላሉ አያርሰውም፤ በውሃ ላይ ቢነሰነስ ይንሳፈፋል። የሙጫው ረጃጅም ሞለኪዩሎች ግን በአንድ ወገን ከከሰሉ ጋር ሲጣበቁ በሌላው ወገን ከውሃው ጋር ይስማማሉ። እንደዚህም ሆነው እያንዳንዱን ቅንጣት ስለሚሸፍኑ ቅንጣቶቹ ተመልሰው እንዳይጣበቁ ይከለክላሉ። ሪቻርድ ዚግሞንዲ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1901 ይህን የሙጫ ጠባቂነት በወርቅ ብናኝ ላይ የሚለካበትን ዘዴ አውጥቷል፤ በእንዲህ ባሉ ጥቃቅን ብናኞች ላይ ስላደረገው ምርምርም የ1925 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። በርሱ ልኬት የግራር ሙጫ በጥቂቱ ብዙ ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ነው።

የተቆላው እህልም ያለ ምክንያት የገባ አይመስለንም። የእህል ስታርች ደረቁን ሲቆላ ከፊሉ ዴክስትሪን ወደ ተባለ ሙጫ መሰል ነገር ይለወጣል። ስለዚህ የተቆላው እህል የከሰለው ለጥቁረት፥ ያልከሰለው ለማጣበቅ ያገለግላል ብለን እንገምታለን። ይህ ግምታችን በላቦራቶር ቢፈተን ጥሩ ሥራ ይሆናል።

የዚህ ዓይነት ቀለም የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የጥንት ግብጻውያን በጥላሸትና በሙጫ ጽፈዋል። ቻይናውያንም ጥላሸትን ከቆዳ ማጣበቂያ ጋር አሽተው፥ በዘንግ መልክ አድርቀው፥ በድንጋይ ላይ በውሃ እየፈጩ ይጽፉበታል። በአገራችን ደግሞ አንድ ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። በይፋትና በወሎ፥ በአርጎባም አገር፥ የቁርአን ተማሪዎች በሎሕ ላይ የሚጽፉበት ቀለም ከዚሁ የከሰል ዘር ነው። ልዩነቱ በአገልግሎቱ ነው። በሎሑ ላይ የተጻፈው ትምህርቱ ሲያልቅ በውሃ ታጥቦ ለሌላ ምዕራፍ ስፍራ እንዲለቅ ይፈለጋል። ብራና ግን ገጹ ተፍቆ የሻከረ ስለ ሆነ ደቃቁን ከሰል ይዞ ያስቀረዋል። ቀለሙ ለዘለዓለም እንዲቆይ የፈለገውና በማግስቱ እንዲታጠብ የፈለገው ሁለቱም አንድ ጥላሸትና አንድ ሙጫ ይጠቀማሉ።

4. ቀዩና ሰማያዊው፤ የይፋት መንገድ

በብራና መጻሕፍታችን የእግዚአብሔር፥ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፥ የምዕራፍ መጀመሪያም በቀይ ይጻፋል። ለዚህ ቀይ አፈርም፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሲናባር የተባለ የሜርኩሪና የድኝ ማዕድንም ያገለግል ነበር። ሲናባር ከውሃ ስምንት እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ከሰል ግን ከውሃ ሁለት እጥፍ እንኳ በጭንቅ ነው። ስለዚህ ቅንጣቱ እኩል ቢሆንም ቀዩ ከጥቁሩ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይዘቅጣል። ቀይ ቀለም በሚገባ ካልላመና በየጊዜው ካልተማሰለ በአንዱ ቃል ላይ ደማቅ፥ በሌላው ቃል ላይ ገርጣጣ ይሆናል። ቅዱስ ስም ገርጥቶ እንዲታይ የሚወድ ጸሐፊ የለም፤ ስለዚህም ቀዩን መፍጨት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1400 ግድም ስለ ሥዕል ሥራ የጻፈው ጣሊያናዊው ቼኒኖ ቼኒኒም ሲናባርን በየቀኑ ለብዙ ዓመት ቢፈጩት እየተሻለ እንደሚሄድ ያስተምር ነበር። በሁለት የተራራቁ አገሮች ሁለት ባለሙያዎች ሳይተዋወቁ አንድ ትምህርት ላይ ደረሱ ማለት ነው።

ቢጫው አርሴኒክ ካለበት ማዕድን፥ ሰማያዊው ከኢንዲጎ ተክል፥ ኋላም በፋብሪካ ከተሠሩ ዱቄቶች ይገኝ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በበርሊን የፕሩስያ ሰማያዊ ተሠራ። በ1820ዎቹም መጨረሻ በፈረንሳይ አገር ኡልትራማሪን የተባለውን ሰማያዊ በፋብሪካ መሥራት ተቻለ። ይህ ሁሉ ወደ አገራችን የሚገባው በባሕር ነው፤ ከባሕር ወደ ደጋ የሚያደርሱ መንገዶችም ጥቂቶች ነበሩ። አንደኛው ከምጽዋ ወደ ሰሜንና ወደ ጎንደር የሚወጣው ነው። ሌላው ከዘይላና ከታጁራ ተነሥቶ በአዋሽ በረሃ አቋርጦ በይፋት በኩል ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው ነው።

የይፋት መንገድ ጥንታዊ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የግብጽ ጸሐፊ የነበረው አል ዑመሪ ስለ ይፋት የእስላም መንግሥት ጽፏል። ዐፄ ዓምደ ጽዮንና የይፋቱ ሱልጣን ሰብር አድ ዲን እ.ኤ.አ. በ1332 ሲዋጉ፥ ከጠቡ ምክንያቶች አንዱ ይህን የንግድ መንገድ የመቆጣጠር ጉዳይ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ሆኖም ጦርነቱ ንግዱን ለዘለዓለም አልቆረጠውም። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ፥ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ ከአንኮበር በታች ያለው የአልዩ አምባ ገበያ የባሕሩና የደጋው ነጋዴዎች መገናኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዙ የሐሪስ መልእክተኛ ጓድም ከታጁራ ተነሥቶ በዚሁ መንገድ ነው የወጣው። ከጓዱ ጋር የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ ያየውን አገር ሥሎ እ.ኤ.አ. በ1852 ሥዕሎቹን አሳትሟል።

ከዚህ የምናገኘው አስተያየት የሚከተለው ነው። ለሸዋ ደጋ ሠዓሊ የሩቁ ዱቄት የሚደርሰው በቆላ ነጋዴ ግመል ነበር። ሙጫውም የሚሻለው ከቆላ ግራር የሚፈስሰው ነው። አዛውንቱ ጸሐፊ ሙጫቸውን ዕድሜ ልካቸውን ከቆላ ከሚወጡ ሰዎች በገበያ ይገዙ እንደ ነበር ነግረውናል። የደጋውን መጽሐፍ የቆላው ሰው አልጻፈውም፤ ነገር ግን ቀለሙ እንዲይዝ ያደረገው እርሱ ነው።

5. ጨርቁና ግድግዳው

የአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ብዙ ጊዜ በቀጥታ በግድግዳው ላይ አይሣልም፤ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ይሣላል እንጂ። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የጎንደሩ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳዮች የዳካር ጅቡቲ የጥናት ጓድ እ.ኤ.አ. በ1932 የዚያን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ልጦ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በስፍራውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊ የሠራውን ግልባጭ ተወ። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ተልጦ ሊወሰድ ባልቻለም ነበር። ጨርቁ ሥዕሉን ከግድግዳው አዳነው፤ ከወሳጁ ግን ሊያድነው አልቻለም።

ጨርቁ ስለ ምን አስፈለገ? የጭቃ ግድግዳ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። በይፋት ደግሞ ምድሩ ራሱ አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ1961፥ ማለት በ1953 ዓ.ም.፥ በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ከአጣዬ ብዙ የማይርቀውን የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ይህንም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ይመሩ የነበሩት አባ ፒየር ጉዋን በሰፊው አጥንተውታል። በእንዲህ ያለ አገር ቀለም በቀጥታ ከጭቃው ጋር ከተጣበቀ ጭቃው በተሰነጠቀ ጊዜ አብሮ ይሰነጠቃል። በመካከል ያለው ጨርቅ ግን ጥቂቱን እንቅስቃሴ ይችላል። ጥጡም የይፋት ቆላ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅበት ነው፤ የአርጎባ ሸማኔዎችም ስም ከርሱ ጋር የተያያዘ ነው።

በጨርቅ ላይ ለሚሣል ሥዕል ቀለሙ ልም መሆን አለበት። ጓል ያለበት ቀለም በጨርቁ ክር መካከል አይገባም፤ በላዩ ይቀመጣል፤ ጨርቁ ሲንቀሳቀስ እንደ ቅርፊት ይወድቃል። ማጣበቂያውም ካነሰ ይራገፋል፤ ከበዛ ሲደርቅ ይኮማተርና ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። እንግዲህ ዛሬ በአንድ አሮጌ ሥዕል ላይ አንዱ ቀለም ሲቀር ሌላው ረግፎ ስናይ «ቀለሙ መጥፎ ነበር» ብለን መፍረድ አይገባንም። ቀለሙ ጥሩ ሆኖ የረሰረሰበት ወይም የተፈጨበት መንገድ ጐድሎ ሊሆን ይችላል።

6. ያለንበት ዘመን

ዛሬ ይህን ሥራ ፋብሪካ ያከናውናል። ዱቄቱ በፈጣን መበጥበጫ ይርሳል፤ ጥቃቅን ኳሶች በሞሉበት ወፍጮ ይፈጫል፤ መበተኛና መጠበቂያ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ልመቱም ጎድጓዳ መስመር ባለው የብረት መለኪያ ይመረመራል። የአዛውንቱ የጥፍር ፈተናና የፋብሪካው ብረት የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጓል ቀርቷልን?» የሚል ነው።

አንዳንድ ሰው «እንግዲያስ የፋብሪካው ከተሻለ አሮጌውን ሥዕል በአዲሱ የዘይት ቀለም ብናድሰው ምን ይጐዳል?» ሊል ይችላል። ይህ አሳብ ከቅን ልብ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ምእመናን የቤተ ክርስቲያናቸው ሥዕል ሲደበዝዝ ዝም ብለው ማየት አይችሉም። ነገር ግን በቆዳ ማጣበቂያ የተሠራ አሮጌ ቀለም ደካማና ውሃ የሚስብ ነው። በላዩ የሚቀባው የዘይት ቀለም ጠንካራ ሽፋን ሆኖ ይደርቃል፤ ሲኮማተርም ከሥሩ ያለውን ደካማውን ይዞ ይነሣል። በግድግዳው ውስጥ ያለው እርጥበትም መውጫ ሲያጣ ከሽፋኑ ሥር ይከማቻል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚረግፈው አዲሱ ብቻ አይደለም፤ አሮጌውም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ አሮጌ ሥዕል የሚያሰጋ ጉዳት ሲደርስበት ከሁሉ አስቀድሞ የጣሪያውን ፍሳሽ መድፈን፥ ቀጥሎ ሥዕሉን በፎቶግራፍ መዝግቦ መያዝ፥ ከዚያም የቅርስ ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ መጥራት ይሻላል። ብሩሹ የመጨረሻው ነው።

ለተራው ቤት ደግሞ የምንመክረው ቀላል ነው። ጣሳው ሲከፈት ከሥር ጀምሮ እስኪዋሐድ ድረስ መማሰል አለበት። ጓል ካለ በስስ ጨርቅ ይጠለል። ማቅጠኛው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር፤ ብዙው ባንድ ጊዜ ሲፈስስ የተበተነው ዱቄት ተመልሶ ሊሰባሰብ ይችላልና። ግድግዳውን በኖራ ለሚቀባና ሰማያዊ ዱቄት ለሚጨምርበት ሰው ደግሞ የዱቄቱ ዘር ይጠቅማል። የፕሩስያ ሰማያዊ በኖራ ውስጥ መልኩን ያጣል፤ ኡልትራማሪን ግን ኖራን ይችላል።

7. መደምደሚያ

በመጀመሪያ የጠየቅነው የደጋው ዳዊት ስለ ምን ቆየ፥ የኛስ ግድግዳ ስለ ምን ፈረሰ የሚል ነበር። ጸሐፊው ከኛ የተሻለ ዱቄት አልነበረውም፤ ከምጣድ ሥር የፋቀው ጥላሸት ነበር። ነገር ግን ጥላሸቱና ውሃው እስኪታረቁ ድረስ ወራት ጠበቀ፤ በጥፍሩም ፈተነ። እኛ ግን በብዙ ወፍጮ የተሠራውን ቀለም ጣሳውን እንኳ ሳናማስል ቀባነው።

ይህ ዕውቀት የሚገኘው በጥቂት አዛውንት እጅ ነው። ተማሪዎቻቸውም የተዘጋጀ ቀለም ከገበያ መግዛት ስለሚቀላቸው ወራት የሚፈጀውን ሥራ መተው ጀምረዋል። ስለዚህ የኬሚስትሪና የታሪክ ተማሪዎች በአንድነት ወደ እነዚህ አባቶች ሄደው፥ የየአገሩን ቀለም አሠራር፥ የሙጫውን መጠንና የሚቆይበትን ጊዜ ጽፈው ቢይዙ፥ ጥቂቱንም በላቦራቶር ቢመረምሩ ለአገር ጠቃሚ ሥራ ይሆናል። በይፋትም ሥራው የክርስቲያኑን ብራና ብቻ ሳይሆን የእስላሙን ሎሕና የቁርአን ጽሑፍ፥ የሙጫ ለቃሚውንና የሸማኔውንም ሙያ የሚያጠቃልል መሆን አለበት፤ ቀለሙ አንድ ነውና።

በዚያ ዕረፍት ማብቂያ ሁለቱን ክፍሎች እንደ ገና ቀባናቸው። ከሌላ ጣሳ፥ ከሥሩ አማስለን፥ በአሮጌ ነጠላ ጠልለን ነው። ይህን ስንጽፍ ሁለተኛው ክረምት ያለፈ ሲሆን ግድግዳው ልብስ አያነጣም።